መስኮቱ ላይ ያለው ሳጥን

ልጄን ከወለድኩ በኋላ ቢሮ መመለስ አልሆነልኝም። ባለቤቴ የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ ያን ጊዜ ኮሶዬ አካባቢ በሚሠራ መንገድ ላይ ተመድቦ ሳምንቱን እዚያው ያድርና ቅዳሜ ጎንደር ይገባ ነበር። እኔ የጤና ጽሑፎችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ አገኘሁ። ሥራው የሚመጣውም የሚሄደውም በኢንተርኔት ነው። አሠሪዎቼን በአካል አይቻቸው አላውቅም። ልጄ ስትተኛ እሠራለሁ፣ ስትነቃ አቆማለሁ።

የተከራየነው ቤት ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ አንድ የቅኔ መምህር ግቢ ውስጥ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ የኔታ እላቸዋለሁ፣ ባለቤታቸውን ደግሞ እትዬ። እኛ ሙስሊሞች ነን። አባቴም የአባቴ አባትም ፒያሳ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ቤቱን ልንከራይ የሄድን ቀን የኔታ "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። ስነግራቸው "የጥምጥሜን ሻሽ ከአያትሽ ነበር የምገዛው" ብለው ቁልፉን ሰጡን። በግቢው ውስጥ እንግዳ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፣ ሳጥኗ እስክትመጣ ድረስ።

ከዋናው መንገድ ወደ እኛ ግቢ የሚገባ የስልክ ምሰሶ አልነበረም። ስለዚህ ገመድ ማስገባት የማይታሰብ ሆነ። በስልኬ ኢንተርኔት ልሥራ ብዬ ብሞክር ስልኬ እንደ ምጣድ ይግል ጀመር። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ከመዳፍ ብዙ የማትበልጥ ነጭ ሳጥን ይዞ መጣ። በጎኗ ሲም ካርድ ትጎርሳለች፤ ከዚያ ለቤቱ ሁሉ ዋይፋይ ትሰጣለች። መሀል ቤት ስናስቀምጣት ቀይ አበራች። ቁም ሳጥን ላይ ስናወጣትም ቀይ። በመጨረሻ ወደ ግቢው የሚከፈተው መስኮት ጠርዝ ላይ፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው አንቴና ፊቷን አዙረን ስናስቀምጣት ሰማያዊ ሆነች። ከዚያ ቦታ ንቅንቅ ካለች ትጠፋለች። እናም እዚያው ቀረች፣ ግቢው ሁሉ የሚያያት ቦታ ላይ ብልጭ ድርግም እያለች።

መጀመሪያ የጠየቁኝ እትዬ ናቸው። ልብስ ሊያሰጡ ወጥተው መስኮቱ ሥር ቆሙ።

"ይሄ ምንድን ነው የኔ ልጅ?"

"ኢንተርኔት ነው እትዬ።"

"ያያል?"

"አያይም።"

"ታዲያ ዓይኑን ምነው ያርገበግባል?"

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በማግስቱ ደግሞ የኔታ፣ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ካለው ወይራ ሥር ተቀምጠው የሚያስተምሩት፣ በርጩማቸውን አስነሥተው ከቤቱ ጀርባ ወሰዱት። ተማሪዎቻቸውም ተከትለዋቸው ሄዱ። የጀርባው ቦታ ጭቃ ነው፣ የጓሮው ውሃም ይወርድበታል። ለቅኔ የሚመች ቦታ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ።

ያን ጊዜ ሰው ድምፁን ቀንሶ የሚናገርበት ዘመን ነበር። ባጃጅ ውስጥ የማያውቁት ሰው አብሮ ከተሳፈረ ጨዋታው ወደ ዝናብና ወደ ጤፍ ይዞራል። ሻይ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ባዶ ወንበር ሳይሆን ማን እንደተቀመጠ ነው። ማን ጆሮ ጠቢ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ጥቂት ጥቂት ጆሮ ጠቢ ይመስል ነበር።

ለእኔ ጆሮ ጠቢ የመሰለኝ የማክሰኝቱ ሰው ነበር።

ይህ ሰው በግቢው ጥግ ያለችውን አንዲት ክፍል ከእኛ ቀደም ብሎ የተከራየ፣ ሠላሳዎቹን የጨረሰ የሚመስል፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። "እህል ነጋዴ ነኝ፣ ከማክሰኝት ጤፍ አመጣለሁ" ይላል። የኔታን "ሚስት የለኝም" ብሏቸዋል። ግን እህል የሚነግድ ሰው ልብሱ ላይ አቧራ፣ ጫማው ላይ ጭቃ አይጠፋም። የእሱ ጫማ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ደግሞ ጠዋት ጠዋት የትም ይሁን የት፣ ከምሳ በኋላ ግን ቤቱ ነው፤ ማክሰኝት ገበያ በሚውልበት ቀን እንኳ። ይባስ ብሎ ሳጥኗ ከመጣች ወዲህ ወንበሩን እያወጣ በእኔ መስኮት ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፎ መቀመጥ ጀመረ።

"ምነው እዚህ ተቀመጥህ ወንድሜ?" አልኩት አንድ ቀን።

"ጥላ ፈልጌ ነው እታለም።"

ሰማዩ ደመና ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ በሬን አንኳኳ። ሳይገባ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ "ያቺ ሳጥን ሸጋ ትሠራለች አሉ" አለኝ።

"ማን አለ?"

"እንዲሁ፣ ሰው። የእኔ ስልክ እዚህ ግቢ ውስጥ አልይዝ እያለኝ ነው። ለትንሽ ጊዜ ብታዋሽኝ ብዬ..."

"የሥራ ናት" አልኩት። "የእኔ አይደለችም፣ ማዋስ አልችልም።"

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። አልተቆጣም። አለመቆጣቱ ደግሞ የባሰ አጠራጠረኝ።

ከዚያ የገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅል ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀመረ። ወሩን ያደርሰኛል ያልኩት ኢንተርኔት ሳምንት ሳይሞላ "ሊያልቅ ነው" የሚል መልእክት ይመጣል። ልጄ ተኝታ እያለች ላፕቶፔን ዘጋሁ፣ ስልኬንም አጠፋሁ፣ ዝም ብዬ ሳጥኗን አየኋት። አንድም የሚጠቀምባት በሌለበት ቤት ውስጥ እንደ ሥራ ቀን ቶሎ ቶሎ ትርገበገባለች። ላፕቶፑን ከፍቼ ስንት ሰው እንደተገናኘባት የሚያሳየውን ገጽ አወጣሁ። ከእኔ ሌላ አንድ አለ።

ፓስወርዱን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከዚያ ሳጥኗን አንሥቼ ገለበጥኳት። ሆዷ ላይ በተለጠፈች ወረቀት ፓስወርዱ ከነሙሉ ክብሩ ተጽፏል። መስኮቱ ቀን ቀን ክፍት ነው። እጁን የሰደደ ሁሉ ሊያነበው ይችላል።

በዚያው ቀን ቀየርኩት። በማግስቱ ከምሳ በኋላ በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁ። የማክሰኝቱ ሰው መስኮቴ ሥር ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል፣ ከፍ ያደርጋል፣ ዝቅ ያደርጋል፣ ደግሞ ይነካካል። ከዚያ ድንገት ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። መጋረጃውን ለቀቅሁት።

ቅዳሜ ለባለቤቴ ነገርኩት። "ጆሮ ጠቢ ነው" አልኩት።

"ጆሮ ጠቢ የራሱ ኢንተርኔት ያጣል?" ብሎ ሳቀብኝ። ሆኖም ከመተኛቱ በፊት ተነሥቶ የመስኮቱን መቀርቀሪያ ሲፈትሽ አየሁት።

ሰኞ እሱ ወደ ኮሶዬ ከሄደ በኋላ ኢንተርኔት ከከተማው ጠፋ። ማንም ምክንያቱን አልነገረንም፣ እኛም ጮክ ብለን አልጠየቅንም። የሰው ሁሉ ስልክ መደወል ብቻ ቀረው። የእኔም ሳጥን ምንም አታስገባም፣ ምንም አታስወጣም። ክፋቱ መብራቷ ነው። ሲሟ ከኮረብታው አንቴና ጋር ስለምትገናኝ እንደ ወትሮው ሰማያዊ እያበራች ቀረች።

እትዬ በሁለተኛው ቀን መጡ።

"የአንቺ ይሠራል አሉ።"

"አይሠራም እትዬ። የእኔም እንደ ሰው ጠፍቷል።"

"ይበራል እኮ።"

"መብራቱ ብቻ ነው።"

"እህ" አሉና ሄዱ። ያቺ "እህ" ጆሮዬ ላይ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በግልጽ ይታየኝ ጀመር። የግቢው ቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የምንቀዳው፤ የእኔን ጄሪካን ከተራዋ ወደ ኋላ ተገፍታ አገኘኋት። ሱቅ ስሄድ ሁለት ሴቶች ሞቅ ያለ ወሬያቸውን አቁመው ስለ ሽንኩርት ማውራት ጀመሩ። የአንዷ ፊት ገና ከቀድሞው ወሬ አልተመለሰም ነበር። "የሁላችንም ጠፍቶ የእሷ ለምን ቀረላት?" የሚለው ጥያቄ በአንደበት ባይወጣም ከሰው ሁሉ ፊት ላይ ይነበባል። ሳጥኗን ከመስኮት አንሥቼ አልጋ ሥር ከተትኳት። ይሄም አልበጀኝም። በማግስቱ እትዬ ባዶውን መስኮት አይተው "ደበቅሽው?" አሉኝ።

በዚያው ሳምንት አባቴ መጣ። ሱቁን በሥራ ሰዓት ዘግቶ የሚመጣ ሰው አይደለም። ቁጭ እንዳለ ልጄን እንኳ ሳያነሣ "ሬዲዮኑን ክፈቺው" አለኝ። ከፈትኩት። ወሬያችን ውጭ እንዳይሰማ ሬዲዮኑ ላይ ተጠግቶ ተናገረ።

"አንድ የድሮ ደንበኛ ጨርቅ እየለካሁለት 'ልጅህ ለማን ነው የምትሠራው?' አለኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ልጄ።"

"ጽሑፍ ነው የምተረጉመው አባባ። ስለ ክትባት፣ ስለ ጡት ማጥባት።"

"እኔማ አውቃለሁ። ግን የምትሠሪላቸውን ሰዎች አይተሻቸው ታውቂያለሽ?"

አላየኋቸውማ። አባቴ ራሱ እያመነኝም እየፈራም እንደሆነ ገባኝ። "ሳጥኑን ስጪኝ፣ ሱቅ ላስቀምጠው" አለኝ። "ከግቢው ከወጣ ደግሞ አሸሸችው ይላሉ" አልኩት። ሐሳቡን ተወው። ሲወጣ ግቢውን ግራና ቀኝ አይቶ ነው የወጣው።

ሥራዬ ግን አልጠበቀኝም። የጨረስኩት ጽሑፍ ላፕቶፔ ውስጥ ተቀምጧል፣ መላክ አለብኝ። ፒያሳ ካሉት ሆቴሎች አንዱ በገመድ የሚመጣ ኢንተርኔት እንዳለውና እሱ እንዳልተቋረጠ ሰማሁ። ልጄን አዝዬ፣ ላፕቶፔን በቦርሳ ይዤ ከምሳ በኋላ ሄድኩ። አዳራሹ በሰው ተጨናንቋል፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አጎንብሷል፣ ማንም ማንንም አያይም። ከደረጃው ሥር ባዶ ጠረጴዛ አግኝቼ ተቀመጥኩ። ሻይ አዝዤ ጽሑፉን መላክ ጀመርኩ።

ከጀርባዬ፣ ከምሰሶው ወዲያ፣ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። የማክሰኝቱ ሰው ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ስልኩን ከደረቱ ጋር አጣብቆ በሹክሹክታ ይናገራል።

"ሴትዮዋ ተኛች?" ይላል። "አይ፣ እርግጠኛ ካልሆንሽ ቆዪ። እንዳትሰማሽ።"

እኔ ከምሳ በኋላ ከልጄ ጋር ጋደም እንደምል ግቢው ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ቤቴን የምትጠብቀው ማን ናት? እትዬ? የጎረቤት ልጅ? ምኔን ሊፈትሹ ነው? ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ። ነገር ግን ያን ሁሉ ቀን የተጠራቀመብኝ ፍርሃት ወደ ንዴት ተለወጠና ልጄን እንዳዘልኩ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

"የትኛዋ ሴትዮ ናት የተኛችው?"

ስልኩ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ወዲያ ወዲህ አየና በዝግታ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። አንዲት ሴት በሻሽ ተሸፋፍና፣ ግድግዳው ነጭ ሴራሚክ በሆነ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጣ ታየችኝ። ምስሉ ደረቀና ቆመ።

"ሚስቴ ናት እታለም" አለኝ።

"ሚስት የለኝም አላልክም?"

"ብያለሁ።"

ወንበር ሳበልኝ። ተቀመጥኩ፣ ግን ቦርሳዬን እቅፌ ውስጥ ነው የያዝኩት። እሱም የነገረኝ እየተቆራረጠ ነው። ሚስቱ በደላላ ወደ ዐረብ አገር ሄዳለች። እናቷ ልባቸውን ስለሚያማቸው "አዲስ አበባ ሥራ አግኝታለች" ብለው ዋሽተዋቸዋል፤ ወሬው እንዳይደርሳቸው ብሎ ነው እሱም ሚስት የለኝም ያለው። የእነሱ ቀበሌ ከማክሰኝት ከተማ ራቅ ብሎ ገደል ሥር ስለሆነ ስልክ እንኳ በወጉ አይሠራበትም። ከተማ የተከራየው ድምፅዋን ለመስማት ነው። ጤፉን የሚነግድለት ወንድሙ ነው፤ እሱ ራሱ ከተማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ለገዢዎች ማስረከብ ብቻ ነው ሥራው። አሠሪዋ ስልክ ትከለክላታለች። ስልኳን ሩዝ ጆንያ ውስጥ ደብቃ፣ አሠሪዋ ከምሳ በኋላ ስትተኛ ብቻ ነው አውጥታ የምትደውለው።

"ሳጥኗን የጠለፍኳት እኔ ነኝ" አለ። "በመስኮት እጄን ሰድጄ ገለበጥኳትና አነበብኩ። መጀመሪያ ለምኜሽ ነበር።"

"እውነቱን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"አንቺን ነበር የፈራሁት። በዚያች ሳጥን የሚያልፈውን ሁሉ ታያለች፣ ትሰማለች ብለውኝ።"

"ማን ነው ያለህ?"

"የኔታ።"

እኔ እሱን ስጠብቅ እሱ እኔን ሲጠብቅ ከርሟል። እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ እንኳ ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ሰው ተረት መፍጠር አያቅተውም ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ምስሉ ተንቀሳቀሰ። ሴትዮዋ ከስልኩ ውስጥ ትክ ብላ አየችኝ።

"ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አለች በሹክሹክታ።

"የግቢያችን ሰው ናት። ያቺ ሳጥን ያላት።"

"ካንተ ጋር ምን ታደርጋለች? ሻይ ነው የምትጠጡት?"

"ኧረ በድንገት ነው የተገናኘነው!"

"በድንገት" አለች። ከዚያ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጄን አየች መሰለኝ ፊቷ ትንሽ ለሰለሰ። አንድ ቃል ልትጨምር አፏን ስትከፍት ከበስተኋላዋ በር ተንኳኳ። ምስሉ ጠፋ። ባሏ የጠቆረውን የስልክ መስታወት በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ነካካ። እንዲህ ያለውን ፊት አስመስሎ መሥራት እንደማይቻል ያን ጊዜ አመንኩ።

ወደ ቤት በአንድ ባጃጅ ተሳፈርን። ግቢው በር ሳይደርስ "እዚህ ጋ ልውረድ፣ አብረን ከገባን ሌላ ወሬ ነው" አለኝና ወርዶ በእግሩ መጣ።

እኔ እንደገባሁ ልጄን አስተኛሁና ሳጥኗን ከአልጋ ሥር አወጣኋት። ይዣት ወደ ጓሮ፣ ወደ የኔታ ሄድኩ። ተማሪዎቻቸው ተበትነው ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ሳጥኗን ሲያዩ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

"የኔታ፣ ልብዎን የሚያውክ ነገር ካለ ይዩትና ይፍረዱ" ብዬ ጎኗን ከፈትኩ። ሲሟን አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። "ሌላ ነገር የላትም። በእርስዎም ስልክ ውስጥ ያለው ይኸው ነው።"

ሲሟን አገላብጠው አዩ። ከኪሳቸው ያቺን ቁልፎቿ የደበዘዙ ትንሽ ስልካቸውን አወጡ። ክዳኗን ከፈቱ፣ ባትሪዋን አነሡ፣ የራሳቸውንም ሲም አዩ። እውነትም አንድ ዓይነት ናቸው።

"እንግዲያውስ" አሉ ቀስ ብለው፣ "የእኔም ይሰማል ማለት ነው።"

"ኧረ አይሰማም የኔታ!"

"አንቺ አትሰሚም፤ እሱን አምኜሻለሁ። ስለ ሳጥኑ አላልኩም።"

እኔን ግን አመኑኝ። በማግስቱ በርጩማቸው ወደ ወይራው ሥር ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቁም ነገር ሊያወሩ ሲሉ መጀመሪያ የስልካቸውን ባትሪ ነቅለው በአንድ ኪስ፣ ስልኩን በሌላ ኪስ ያስቀምጣሉ። እትዬ "ስደውልላቸው አያነሡም" እያሉ ሲያማርሩ ይኖሩ ነበር። ከእሳቸው የተማሩ ሌሎች የሰፈሩ ሽማግሌዎችም እንዲሁ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ሰፈሩ እኔን መጠርጠር ሲያቆም ሁሉም የየራሱን ኪስ መጠርጠር ጀመረ። ጄሪካኔ ወደ ተራዋ ተመለሰች፤ ሱቅ ወሬያቸውን ካቆሙት ሴቶች አንዷ ግን ግቢውን እስክንለቅ ድረስ እኔ ስገባ ወሬዋን ታሳጥር ነበር።

ኢንተርኔት እንደጠፋው ሁሉ ድንገት ተመለሰ። አዲሱን ፓስወርድ ለማክሰኝቱ ሰው ራሴ ጽፌ ሰጠሁት። ያቺ ሴት "የታለች?" እያለች ስለምትጠይቅ አንዳንዴ በስልኩ እጅ እነሣታለሁ። ሰላምታዋ አጭር ነው። ሁልጊዜ ከኋላዬ ያለውን ክፍል ነው የምታየው።

በሁለተኛው ዓመት ተመልሳ መጣች። ባሏ ዕቃውን ሊያወጣ አብራው ግቢያችን ገባች። ቤቴ አስገባኋት፣ ሻይ አቀረብኩ። በስልኩ ውስጥ ከማውቃት ይልቅ ረዘም ያለች ናት፣ እጇ በሳሙና ብዛት ተላልጧል። ቤቱን ዞር ብላ አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ባሏ ይቀመጥበት የነበረውን ግድግዳ አንገቷን አስግጋ አየች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ" አለችኝ። "እዚህ ሲቀመጥ ከእኔ ሌላ የሚያነጋግራት ሴት ነበረች?"

"እኔ ያየሁት አንቺን ብቻ ነው።"

"ብቻ?"

"ወላሂ፣ ብቻ።"

ሻይዋን አነሣች። ከዚያ ስለ እናቷ ነገረችኝ። ባሏ በየሳምንቱ ድምፅዋን በስልኩ ቀድቶ ወደ ገደሉ ሥር እየወሰደ ያሰማቸው ነበር፤ "አዲስ አበባ ደህና ነኝ እማዬ" የምትለውን። እሳቸውም ይመርቃሉ፣ መልስ ያስቀዳሉ። ስትመለስ እውነቱን ልትነግራቸው እግራቸው ላይ ወደቀች። እናቷ አንሥተዋት "ከመጀመሪያውም አውቄ ነበር" አሏት። ከድምፅዋ ኋላ ሌላ ሴት በማያውቁት ቋንቋ እየጮኸች፣ ልጃቸውን ባላወጡላት ስም ስትጠራት ሰምተዋል።

"'ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?' ብላት" አለችኝ፣ "'ማወቄን ብታውቂ መደወሉን ታቆሚ ነበር' አለችኝ።"

ባሏ ከውጭ ጠራት። ጭነቱ አልቋል። ልጄን ግንባሯ ላይ ስማ ወጣች።